ስለ ዐሥራ ሁለቱ የሎንዶን ፈራጆች

በሰው ላይ ለመፍረድ የተቀመጠ ሰው ሁለት ነገር መመርመር አለበት፤ አንደኛው በፊቱ የቆመው ተከሳሽ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ነው። ተከሳሹን ለመመርመር ምስክርና ሕግ ይረዱታል፤ ራሱን ለመመርመር ግን ከኅሊናው በቀር ረዳት የለውም። ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋራ ሆኖ የሚፈርድ ሲሆን ደግሞ ሥራው ይከብድበታል። የባልንጀራው ፊት መጥቈር፥ የብዙዎች ድምፅ በአንድ ወገን መሆን፥ የባለ ሥልጣን ቍጣ፥ ረኀብና እንቅልፍ፥ ቶሎ ወደ ቤት የመመለስ ምኞት፥ እነዚህ ሁሉ ሳይጠሩ መጥተው ከፈራጆች ጋራ ይቀመጣሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ይህ ነገር ተፈትኖ የታየበት፥ በሎንዶን ከተማ በ1670 የተደረገ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። በአገራችን በዚያ ጊዜ ጻድቁ የተባሉት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ነግሠው ነበር።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ጁሪ ስለሚባለው የፍርድ ሥርዓት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጁሪ ማለት ሹመት የሌላቸው፥ ሕግ ያልተማሩ፥ ከሕዝብ መካከል ተጠርተው በመሐላ የሚቀመጡ ሰዎች ጉባኤ ነው። በእንግሊዝ አገር ቍጥራቸው ዐሥራ ሁለት ነው። ሕጉን የሚነግራቸው ዳኛው ነው፤ ተከሳሹ በደለኛ መሆኑንና አለመሆኑን የሚናገሩት ግን እነርሱ ናቸው። በጥንት ዘመን በእንግሊዝ አገር የተከሰሰ ሰው የጋለ ብረት ይዞ ወይም ወደ ውሃ ተጥሎ እውነቱ ይወጣል ይባል ነበር፤ እኛም በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባለውን እናውቃለን። በ1215 በሮም የተሰበሰበው የላቴራን ጉባኤ ካህናት ይህን የእሳትና የውሃ ፈተና እንዳይባርኩ ከለከለ። ፈተናው ካህን ካልባረከው ዋጋ ስላልነበረው ልማዱ ወደቀ፤ በእንግሊዝ አገርም በፈንታው የጎረቤት ሰዎችን ቃል በመሐላ መጠየቅ እየጸና መጣ። እንግዲህ ጁሪዎች መጀመሪያ ነገሩን አስቀድመው ያውቃሉ ተብለው የሚጠሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቈይቶ ግን ምስክር ሰምተው የሚፈርዱ ሆኑ።

ነገር ግን ይህ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይፈታ ኖረ። ዐሥራ ሁለቱ ዳኛው ከሚፈልገው የተለየ ፍርድ ቢሰጡ ምን ይሆናሉ? በ1554 ኒኮላስ ትሮክሞርተን የተባለው መኰንን በንግሥት ማርያም ላይ ዶልቷል ተብሎ ተከሶ ሳለ ጁሪዎቹ ነጻ ቢያወጡት፥ ፈራጆቹ ራሳቸው ታስረው ገንዘብ ተቀጡ። በ1667ም የእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት ጁሪዎችን በገንዘብ መቅጣት ሕግ አይደለም ብሎ ነበር፤ ሆኖም የምክር ቤቱ ቃል ዳኞቹን አልገታም።

በ1670 የወጣ አንድ ሕግ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ ከቤተ ሰብ በላይ አምስት ሰዎችና ከዚያ የሚበልጡ ለጸሎት እንዳይሰበሰቡ ከለከለ። ኩዌከር የሚባሉት ወገኖች ይህን ሕግ አልተቀበሉም። በዚያ ዓመት ኦገስት 14 ቀን እሑድ በግሬስቸርች ጎዳና ወዳለው የጸሎት ቤታቸው ቢመጡ ወታደሮች በሩን ዘግተው ቆመው አገኙ። ስለዚህ እዚያው በመንገዱ ላይ ተሰበሰቡ፤ ዊልያም ፔን የተባለውም ሰው ቆሞ ይናገር ጀመር። ፔን በዚያ ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ነበረ፤ አባቱ ዝነኛ የባሕር ጦር አዛዥ ነው፤ እሱም ጥቂት ዘመን ሕግ ተምሮ ነበር። ከእሱ ጋራ ዊልያም ሚድ የሚባል የበፍታ ነጋዴ ተያዘ። የተከሰሱት ግን በአዲሱ ሕግ አይደለም፤ ሕዝብ ሰብስበው ሁከት አስነሥተዋል፥ የንጉሡንም ሰላም አፍርሰዋል ተብለው ነው። ይህ የክሱ አነጋገር በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ኦልድ ቤይሊ በሚባለው ፍርድ ቤት ነገሩ ሴፕቴምበር 1 ቀን ተጀመረ፤ ዋናው ሙግት የተደረገው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። በወንበሩ ላይ የከተማይቱ ከንቲባ ሳሙኤል ስታርሊንግ፥ ሬኮርደር የሚባለው የከተማይቱ የሕግ ዐዋቂ ዳኛ ጆን ሃውል፥ ሌሎችም ሹማምንት ተቀምጠዋል። ኩዌከሮች ለሰው ባርኔጣ ማውለቅን እንደ ኀጢአት ይቈጥሩት ነበርና ዳኞቹ በዚህ ሊይዟቸው ፈለጉ። ሁለቱ ሰዎች ሲገቡ ባርኔጣቸው በጠባቂዎች እጅ ወልቆ ነበር፤ ከንቲባው ግን ባርኔጣቸው ተመልሶ በራሳቸው ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ከተደረገላቸው በኋላ ስለ ምን አታወልቁም ተብለው እያንዳንዳቸው አርባ ማርክ ተቀጡ፤ ይኸውም ሃያ ስድስት ፓውንድ ከዐሥራ ሦስት ሺሊንግ ከአራት ፔንስ ማለት ነው። ዐሥራ ሁለቱ ጁሪዎች ይህን ሁሉ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ዳኛ አስቀድሞ ወጥመድ ሲዘረጋ ያየ ሰው በኋላ ዳኛው የሚነግረውን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚሰማው ማሰብ አያስቸግርም።

ምስክሮቹ መጡ። ፔን ሲናገር አይተናል፤ ብዙ ሕዝብም ነበር፤ ነገር ግን ከጩኸቱ ብዛት የተናገረውን አልሰማንም አሉ። በሚድ ላይ የተሰጠው ምስክርነት ከዚህም የደከመ ነበር። ፔን መናገሩን አልካደም፤ ይልቁንም የተከሰስሁበት ሕግ የቱ ነው ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ሬኮርደሩ በአገር ልማድ የጸናው ሕግ ነው አለው። ፔንም ልማዱ የታወቀ ከሆነ ለማሳየት ሊያስቸግር አይገባም ብሎ መለሰ። በዚህ ምክንያት ከፊት ተወስዶ በፍርድ ቤቱ ጥግ በታጠረ ስፍራ እንዲቆም ተደረገ፤ ሚድም ተከተለው። ለጁሪዎቹ የመጨረሻው ትእዛዝ የተነገራቸው ተከሳሾቹ ፊት ለፊት ሳይቆሙ ነው። ፔን ግን ከዚያው ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ጮኸባቸው።

ጁሪዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ለብቻቸው ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ስምንቱ ተስማምተናል ብለው ወረዱ፤ አራቱ ከላይ ቀሩ። ዳኞቹ መኰንን ልከው አራቱን አስወረዱና ኤድዋርድ ቡሼል የተባለውን የጠብ ሁሉ ምክንያት አንተ ነህ ብለው በሕዝብ ፊት ሰደቡት። ቡሼል ከዚህ ሥራ ልቀር ወድጄ ነበር፥ ግን አልቻልሁም ብሎ መለሰ። ከዚያም ሁሉም እንደ ገና ወደ ላይ ተላኩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከት። ስምንት ሰዎች አንድ ሐሳብ ይዘዋል፤ ዳኞቹም ከስምንቱ ጋራ ናቸው፤ አራቱ ተዘልፈዋል። እንደ ዓለም ልማድ ቢሆን አራቱ ወደ ስምንቱ መሄድ ነበረባቸው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በተመለሱ ጊዜ ዐሥራ ሁለቱም አንድ ሆነው በአለቃቸው በቶማስ ቬር አፍ ተናገሩ፤ ፍርዳቸውም ፔን በግሬስቸርች ጎዳና በመናገር በደለኛ ነው የሚል ነበር። ያ ብቻ ነውን ብለው ዳኞቹ ጠየቁ። የታዘዝሁት ያንን ብቻ ነው ብሎ አለቃው መለሰ።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የአነጋገሩ ሰም በደለኛ ነው የሚል ነው፤ ወርቁ ግን ነጻ ነው የሚል ነው። ፔን በመንገድ ላይ መናገሩ እውነት ነው፤ ራሱም አልካደም። በመንገድ መናገር ግን በክሱ ጽሑፍ የተጻፈ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ሁከት ማስነሣት ነው፤ ያን ደግሞ ምስክር የሰማው የለም። ሬኮርደሩም ወርቁን ስላየ ተቈጣ፤ በሕገ ወጥ ጉባኤ የሚለውን ቃል ጨምሩበት ብሎ ገፋፋቸው። እነርሱም አንጨምርም አሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍርዳቸውን በጽሑፍ አድርገው ሁሉም ፈርመውበት መጡ፤ ፔን ለተሰበሰበ ሕዝብ በመናገር ወይም በመስበክ በደለኛ ነው፤ ሚድ ግን በደል የለበትም የሚል ነበር። ሕገ ወጥ የምትለው አንዲት ቃል አሁንም የለችበትም። የአንድ ሰው ነጻነትና እስራት በአንዲት ቃል መጨመርና መቅረት ሲንጠለጠል፥ ቃልን መዝኖ መናገር የልሂቃን ጌጥ ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። እነዚህ ሰዎች የሎንዶን ነዋሪዎች እንጂ መምህራን አልነበሩም፤ ሆኖም የማሉበትን ነገር ወሰን ዐወቁት።

ሬኮርደሩ ፍርድ እስክትሰጡ ድረስ ያለ ምግብ፥ ያለ መጠጥ፥ ያለ እሳትና ያለ ትምባሆ ትዘጋላችሁ ብሎ አዘዘ። ጁሪን አስርቦ ማስማማት በዚያ አገር የቈየ ልማድ ነው፤ ሕጉ ለጁሪዎች እሳትና ምግብ የፈቀደው እስከ 1870 ቈይቶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተዘጉ፤ ለሽንት የሚሆን ዕቃ እንኳ ተከለከሉ። በማግሥቱ እሑድ ጧት ተጠርተው ቢጠየቁ ያንኑ ቃል መለሱ። እንደ ገና ተላኩ፤ እንደ ገና ያንኑ ተናገሩ። ከንቲባው የቡሼልን አፍንጫ እቈርጣለሁ እስከ ማለት ደረሰ፤ ሬኮርደሩም የእስፓንያ መንግሥት ለሃይማኖት መርማሪዎቹ ያን የመሰለ ሥልጣን መስጠቱ ጥበብ ነው ብሎ አመሰገነ። ፔን ጁሪዎቼ እንዲህ መፈራራታቸው የማይታገሥ ነው ብሎ ሲጮኽ፥ የወኅኒው አዛዥ እግር ብረት እንዲያመጣ ታዘዘ። ዐሥራ ሁለቱ ሁለተኛውን ሌሊት ተዘግተው አደሩ።

ሰኞ ሴፕቴምበር 5 ቀን ተጠሩ። ፍርዳችሁ ምንድር ነው ቢባሉ በዚህ ጊዜ ሰምና ወርቁን አንድ አድርገው ፔንም ሚድም በደል የለባቸውም አሉ። ዳኞቹ በአለቃው ቃል አላመኑም፤ እያንዳንዱ በስሙ እየተጠራ ለብቻው እንዲመልስ አዘዙ። ይህ ጥሪ የተደረገው ምናልባት አንዱ ይፈራል በማለት ይሆናል። ዐሥራ ሁለት ስም ተጠራ፤ ዐሥራ ሁለቱም በደል የለባቸውም ብለው መለሱ። መጀመሪያ ተስማምተናል ብለው የወረዱት ስምንቱ በዚህ ቍጥር ውስጥ መኖራቸውን ልብ እንበል። በታሪክ ስሙ የሚጠራው ቡሼል ነው፤ የሚገባውም ነው። ነገር ግን የአራቱ ጽናት ብቻውን ፍርድ ባልሆነ ነበር፤ ፍርድ የሆነው ስምንቱ የቀድሞ አሳባቸውን ለመመለስ ስላላፈሩ ነው። ብዙ ሰው ተሳስቼ ነበር ከማለት ይልቅ ሌላው ሲታሰር ማየትን ይመርጣል።

ዳኞቹም ከእኛ ምክር ይልቅ የራሳችሁን አሳብ ተከትላችኋል ብለው እያንዳንዱን ጁሪ አርባ ማርክ ቀጡ፤ እስኪከፍሉም ድረስ ኒውጌት በሚባለው ወኅኒ እንዲታሰሩ አዘዙ። ፔንና ሚድም ነጻ ከወጡ በኋላ በባርኔጣው መቀጫ ምክንያት ወደዚያው ወኅኒ ወረዱ። ስለዚህ ፈራጆቹና የተፈረደላቸው በአንድ ቤት ታሰሩ። ከጁሪዎቹ ስምንቱ ገንዘቡን ከፍለው ወጡ። ቡሼል፥ ጆን ሃመንድ፥ ቻርልስ ሚልሰንና ጆን ቤይሊ ግን አንከፍልም ብለው ሁለት ወር ያህል ታሰሩ። የከፈሉትን ልንነቅፍ አይገባም፤ ሰው ሁሉ በአንድ መጠን አይሸከምም፤ ዋናውን ሸክም ደግሞ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ተሸክመውታል።

ይህን ሙግት በዝርዝር ያሳተሙት የተከሳሾቹ ወገኖች መሆናቸውን ለአንባቢ መሰወር አይገባም፤ ከንቲባው ስታርሊንግም ጽሑፉን የሚቃወም መልስ አሳትሟል። ስለዚህ የቍጣውን ቃል ሁሉ በሙሉ ልብ መያዝ ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን መቀጫው፥ እስራቱና ቀጥሎ የመጣው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ በመዝገብ የጸኑ ናቸው።

ቡሼልና ባልንጀሮቹ አካልን ነጻ የማውጣት ትእዛዝ እንዲሰጣቸው ኮመን ፕሊስ ለሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ። የዚያ ፍርድ ቤት አለቃ ጆን ቮን ነበር። ለምን እንደ ታሰሩ ሲጠየቅ የተሰጠው ምክንያት ግልጥ ከሆነ ማስረጃና ከዳኛው የሕግ ቃል በተቃራኒ ፈርደዋል የሚል ነው። ቮን ይህን ምክንያት መርምሮ አፈረሰው። የአሳቡም ፍሬ ይህ ነው። አንድ ምስክርነት ለሁለት ቅን ሰዎች ሁለት ዐይነት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳኞችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉና በዚህ ማንም አይቀጣቸውም። ማስረጃውን ሰምቶ እውነቱን እንዲናገር የማለ ሰው በራሱ ማስተዋል ብቻ ሊናገር ይችላል፤ የሌላው ዓይንና ጆሮ የእርሱ እንደማይሆን ሁሉ የሌላውም ማስተዋል የእርሱ አይሆንም። ዳኛው የሚፈልገውን ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን ማስማል ለምን አስፈለገ? በዚህ ፍርድ አራቱ ተፈቱ፤ ከዚያም ወዲህ በእንግሊዝ አገር ጁሪ ስለ ሰጠው ፍርድ እንደማይቀጣ ጸና። በኦልድ ቤይሊ ዛሬም ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈ የመታሰቢያ ጽላት አለ። ፔንም በ1681 ከንጉሥ ካርሎስ ሁለተኛ ሰፊ አገር በአሜሪካ ተሰጥቶት ፔንሲልቫንያ ተባለ፤ በ1682 ለዚያ አገር ባወጣው ሕግ ክርክር ሁሉ በዐሥራ ሁለት ሰዎች እንዲታይ አደረገ።

የአገራችን አባቶች ጁሪ የሚባለውን ሥርዓት አላደረጉም፤ ዛሬም በፍርድ ቤቶቻችን የለም። ነገር ግን ተራው ሰው እንዲፈርድ ማድረግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ጊዜ ሁለት ተሟጋቾች በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ዳኛችን ሁን ብለው ያስቀምጡት እንደ ነበር፥ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረውም ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። በነገሥታቱ ችሎት ደግሞ ሊደነቅ የሚገባው አንድ ሥርዓት ነበር። ነገሩ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ በማዕረግ የሚያንሰው አስቀድሞ ፍርዱን ይናገራል፤ ከእርሱም በላይ ያለው ይቀጥላል፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣና የመጨረሻውን ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ይናገራሉ። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ ግልጥ ነው። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ የሚናገረው የኅሊናውን ሳይሆን የታላቁን ቃል ይሆናል፤ ታናሹ ሲቀድም ግን የሚደገፍበት ቃል ስለሌለው ወደ ራሱ ማስተዋል ለመመለስ ይገደዳል። ሥርዓቱ ከዘውዱ መንግሥት ጋራ በ1974 አልፏል። በሎንዶን በአፍንጫ ቈረጣ ማስፈራራት የተፈለገው፥ በእኛ ችሎት ደግሞ በመናገር ተራ የተከለከለው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የትልቁ ሰው አሳብ የትንሹን ሰው አሳብ መዋጡ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ከ1967 ወዲህ ብዙ መክረው ሁሉም መስማማት ካልቻሉ ዳኛው ፈቅዶ ከዐሥራ ሁለቱ የዐሥሩ ስምምነት ሊበቃ ይችላል። በአሜሪካ ግን ጠቅላዩ ፍርድ ቤት በ2020 በከባድ ወንጀል ተከሳሽን በደለኛ ለማለት የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል ብሎ ወስኗል። በዚያ አገር ዜግነት የተቀበሉ ብዙ ወገኖቻችን ስማቸው በዕጣ ወጥቶ ለዚህ ሥራ የሚጠሩ ስለ ሆነ፥ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋራ በአንድ ክፍል ተቀምጠው በማያውቁት ሰው ላይ ይፈርዳሉ። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚያስፈራራው ከንቲባ አይኖርበትም፤ እህልና ውሃም አይከለከልም። ነገር ግን ቀስ ብለው የሚመጡ ሌሎች አስገዳጆች አሉ። አንዱ ተናጋሪ አንደበቱ ስለ ተሳካለት ብቻ እውነት የያዘ ይመስላል። አንዱ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ስምምነት ተብሎ ይቈጠራል። አንዱ ተከሳሹን በመልኩና በአነጋገሩ ይጠላዋል፤ ጥላቻውንም ማስተዋል ይለዋል። አንዱ ደግሞ ከብዙዎች መለየትን እንደ ክብር ይዞ፥ ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ስሙ ይቆማል።

ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም የቡሼልን ታሪክ የሰማ ሰው ብቻውን መቆምን ሁሉ ጽድቅ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ቡሼል የተመሰገነው ብቻውን ስለ ቆመ አይደለም፤ ለቆመበት ነገር ምክንያት ስለ ነበረው ነው። ክሱ ሁከት ይላል፤ ምስክሩ ሁከት አላለም፤ እሱም ያልተባለውን አልጨምርም አለ። ስለዚህ በጉባኤ ለፍርድ የተቀመጠ ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ የያዝሁትን አሳብ የያዝሁት ከምስክሩ ቃል ነውን? ወይስ ከባልንጀራዬ ፊት፥ ከድካሜ፥ ከኵራቴ ነው? ከምስክሩ ቃል ከሆነ ስምንቱ ቢቈጡም ይጽና፤ ካልሆነ ግን በአራቱ ቃል መመለስ አያሳፍረው። በሎንዶን ሁለቱም ዐይነት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ሰዎችም በእነርሱ ምክንያት ከሐሰት ፍርድ ዳኑ።